«ወላጅ ይዘህ ና!» — የኪራይ አጎት ሆኜ የታዘብኩት ጉድ

ባለፈው ኅዳር አንድ ማክሰኞ ጠዋት፣ ከዚያ በፊት አይቼው ለማላውቅ ልጅ አጎት ሆኜ ተሾምኩ። የሾመኝ ራሱ ልጁ ነው። ደመወዜም መቶ ብር ነበር።

ነገሩ እንዲህ ነው። አዲስ አበባ ውስጥ ከአንድ የመንግሥት ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት በር ፊት ለፊት ተቀምጬ ጫማዬን አስጠርጋለሁ። ዩኒፎርም የለበሰ፣ አሥራ ስድስት ዓመት ግድም የሚሆነው ጎረምሳ መጥቶ አጠገቤ ተገተረ። አንዴ ፊቴን፣ አንዴ ጫማዬን፣ አንዴ ቦርሳዬን ያያል። እኔም ቦርሳዬን ሳብ አድርጌ ጉያዬ ውስጥ ከተትኩ። እግዜር ይቅር ይበለኝ! ጎረምሳ አጠገባችን ሲቆም መጀመሪያ የሚታየን ሌባ ነው ማለት ነው።

«ጋሼ፣ አንዴ ላስቸግርዎት?»

«ምን ፈለግህ?»

«አጎቴ ይሁኑልኝ።»

ሊስትሮው ብሩሹን እንደያዘ ሳቀ። «አይገረሙ ጋሼ፣ እዚህ በር ላይ የተለመደ ሥራ ነው» አለኝ። «እኔም ልብሴ ቆሻሻ ባይሆን የስንቱ ታላቅ ወንድም በሆንኩ ነበር!»

ልጁ «ወላጅ ይዘህ ና» ተብሎ ሁለት ቀን ከበር ተመልሷል። ጥፋቱን አልደበቀኝም። የሒሳብ ክፍለ ጊዜ ላይ እንቅልፍ ወሰደው፤ መምህሩ ጠመኔ ወረወረበት፤ እሱ ደግሞ ብድግ ብሎ ያንኑ ጠመኔ አንስቶ ወደ ሰሌዳው መልሶ ወረወረው። ክፍሉ በሳቅ ተናጋ። «እናትህስ?» ብለው አንገቱን ደፋ። «እሷ አትችልም» አለኝ። አባቱን አልጠየቅሁትም። ቢኖር እኔን ለመከራየት አይመጣም ነበር።

ብሩን አልተቀበልኩም። ግን ሄድኩ። እዚህ ላይ ጻድቅ ለመምሰል አልሞክርም፤ ግማሹ ርኅራኄ፣ ግማሹ የጋዜጠኛ ወሬ አሳዳጅነት ነው የወሰደኝ።

ዘበኛው «ወላጅ ነዎት?» አለ። «አዎ» አልኩ። ገባሁ። የዩኒት ሊደሩ ቢሮ በር ላይ ስምንት ተማሪዎችና ከእኔ ጋር አራት «ወላጆች» ተሰልፈናል። ከጎኔ የቆመው ሰውዬ የራሱን «ልጅ» ስም ሁለቴ ሲሳሳት ሰማሁት። ተያየን። እሱም ገባው፣ እኔም ገባኝ። የሙያ ባልደረባዬ ነው!

ተራዬ ደረሰ። ዩኒት ሊደሩ ዓይኑ ድካም ያረፈበት ሰው ነው። አንድ ወፍራም መዝገብ ገልጦ አነበበልኝ። «ረባሽ ነው። ክፍል ውስጥ ይተኛል። ሲቀሰቅሱት ይሳደባል። ከደገመ ከትምህርት ገበታ ይታገዳል። ይምከሩት። እዚህ ላይ ይፈርሙ።» ፈረምኩ። ሦስት ደቂቃ አልሞላም።

መታወቂያ አለመጠየቄን ተዉት። «ልጁ ምን ሆኖ ነው?» ብሎ የጠየቀኝ ሰው የለም። ልጁን ራሱን «ለምን ትተኛለህ?» ያለው የለም። የሒሳብ መምህሩ አልተጠራም። እናትየዋ መኖሯን የሚያውቅም የለም። መዝገቡ ላይ ግን «ወላጅ ተጠርቶ ተመክሯል» የሚል መስመር ተሞላ። ጉዳዩ ተዘጋ!

እንግዲህ ወገኖቼ፣ በኪራይ አጎት የሚታለል አሠራር ድሮም ወላጅ አልፈለገም። የፈለገው ፊርማ ነው።

እኔም በአምስት ብር

ይህን ስጽፍ እጄ ንጹሕ ሆኖ አይደለም። በ1998 ዓ.ም. የዘጠነኛ ክፍል ተማሪ ነበርኩ። «ፕላዝማ» የሚባለው ነገር በየክፍሉ ግድግዳ ላይ ከተሰቀለ ገና ሁለተኛ ዓመቱ ነው። ከሳተላይት የሚመጣው መምህር በእንግሊዝኛ ይንቆረቆራል፤ በሥጋ የቆመው መምህራችን ደግሞ ሲጀመር ጥቂት ደቂቃ፣ ሲያልቅ ጥቂት ደቂቃ ተሰጥቶት በመሃሉ እንደ እኛው ተመልካች ነው።

አንድ ቀን ቴሌቪዥኑ «ገባችሁ?» ብሎ በእንግሊዝኛ ጠየቀን። እኔም ጮክ ብዬ በአማርኛ «አልገባንም!» አልኩት። ክፍሉ በሳቅ ፈረሰ። መምህሩ በብስጭት አስወጣኝ። «ወላጅ ይዘህ ና!»

ዛሬ ሳስበው፣ በዚያ ዓመት በዚያ ክፍል ውስጥ ከተነገሩት ቃላት ሁሉ እውነተኛው የእኔ ነበር። አልገባንም ነበራ! ግን «ምኑ ነው ያልገባህ?» ያለኝ አልነበረም። ለአንድ ዘበኛ አምስት ብር ከፍዬ አባቴ አደረግሁትና ተመለስኩ። ከዚያ በኋላ አፌን ዘጋሁ። ጨዋ ተማሪ ተባልኩ። የአሥረኛ ክፍል ፈተና ውጤቴ መሰናዶ አላስገባኝም፤ በዲፕሎማ ተገላገልኩ። ጨዋነቴ ያተረፈልኝ ይህንን ነው።

ስለዚህ ስለ «ረባሽ» ተማሪ ሲወራ ከመዝገቡ በኩል ሳይሆን ከኋላ ወንበር በኩል ነው የምሰማው።

ዱላውን ወሰዱት፤ ምን ተኩ?

ቡና ቤትም፣ ዕድር ላይም፣ ታክሲ ውስጥም የማይጠፋ አንድ ወገን አለ። «ዱላው ይመለስ! እኛን እየገረፉ ነው ሰው ያደረጉን» ይላል።

እውነት? በጎማና በአርጩሜ «ሰው የሆነው» ትውልድ ሥልጣን ላይ ሲወጣ ምን እንዳደረገ እኮ አይተናል። ያልተስማማውን ሁሉ ያናገረው በዱላ ነው። ክፍል ውስጥ ኩርኩም የተማረ አገር ላይ ኩርኩም ያስተምራል። ዱላ ልጁን ዝም ያሰኘው ይሆናል፤ ዝምታ ግን ሥነ ምግባር አይደለም። ዱላው ሲዞር ዝምታውም ይዞራል።

ደግሞም ሕጉ ተነጋግሮበት ጨርሷል። በ1987 ዓ.ም. የወጣው ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 36 ሕፃናት በትምህርት ቤት ውስጥ አካልን ከሚነካና ከጭካኔ ቅጣት ነፃ የመሆን መብት እንዳላቸው ይደነግጋል። ጥሩ ሕግ ነው። የእኔ ጥያቄ ሌላ ነው። ከመምህሩ እጅ ዱላውን የወሰደው መንግሥት በምትኩ ምን ሰጠው?

መንግሥት ራሱ ያወጣው መስፈርት ለሁለተኛ ደረጃ አንድ ክፍል 40 ተማሪ ይላል። በዚያ ልጅ ክፍል ስም መጥሪያ ላይ የቆጠርኩት 63 ነው። ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ ይላሉ አባቶቻችን። እኛ ግን 63ቱን ሎሚ አንድ መምህር ላይ ጭነን ስናበቃ አንዱ ሎሚ ሲንከባለል «ምን ዓይነት መምህር ነው!» እንላለን። የሚያማክረው ባለሙያ የለውም። ወርኃዊ ደመወዙ የቤት ኪራይ ከፍሎ ወሩን አያደርሰውም። ጠመኔ የወረወረው መምህር ጥፋተኛ ነው፤ ብቻውን ግን አልወረወረም። ብቻውን ያስቀሩት ሁሉ አብረውት ወርውረዋል።

መምህሩም በበኩሉ የሚበረታበትን መርጦ ይበረታል። ሚኒስቴሩን አይችለውም፣ ወረዳውን አይችለውም፣ አከራዩን አይችለውም። ልጁን ግን ይችለዋል። አህያውን ፈርቶ ዳውላውን ማለት ይኸው ነው።

ትብብር የሚሏት ቃል

ባለሥልጣኖቻችን ይህን ሲሰሙ የሚሉትን አውቃለሁ። «ባለድርሻ አካላት ተቀናጅተው፣ ተባብረው ሊሠሩ ይገባል» ይላሉ። ቃሉስ ነበረን እኮ! ወረቀቱም ነበረን።

በ1986 ዓ.ም. የወጣው የትምህርትና ሥልጠና ፖሊሲ ትምህርት ቤቶች ኅብረተሰቡ፣ መምህራንና ተማሪዎች በሚወከሉበት ቦርድ ወይም ኮሚቴ ዴሞክራሲያዊ በሆነ መንገድ ይመራሉ ብሏል። በ1994 ዓ.ም. የትምህርት አመራር፣ አደረጃጀት፣ የኅብረተሰብ ተሳትፎና ፋይናንስ መመሪያ ወጥቶ የወላጅና የመምህራን ኅብረት በየትምህርት ቤቱ ሥራ እንዲገባ አድርጓል። በኋላ ተማሪውም ተጨመረና ስሙ «የወላጅ፣ ተማሪና መምህር ኅብረት» ሆነ። ባጭሩ «ወተመህ»። ስም ማሳጠር እንደሆነ እንችልበታለን!

ታዲያ እናንተ ልጅ ያላችሁ አንባቢዎች፣ እውነቱን ንገሩኝ። ወተመህ የጠራችሁ ለምንድን ነው? አጥር ሊሠራ፣ መዋጮ ሲፈለግ፣ ባለሥልጣን ሲመጣ አዳራሽ ለመሙላት። «ስድሳ ሦስቱ ልጆች ለምን አይሰሙንም? እስቲ አብረን እንምከር» ተብሎ የተጠራ ወላጅ ካለ እጁን ያውጣ።

ከዚያ ደግሞ «አንድ ለአምስት» መጣ። በ2000ዎቹ አጋማሽ ተማሪውንም መምህሩንም በአንድ ለአምስት ጠርንፈው «የትምህርት ልማት ሠራዊት» አሉት። ልብ በሉ፤ ልጆች አብረው ያጥኑ ማለት ክፋት የለውም። ነገር ግን ያው ጥርነፋ ቀበሌም ውስጥ፣ መሥሪያ ቤትም ውስጥ ምን ሲሠራበት እንደነበር ሕዝቡ ያውቃል። ሠራዊት ለጠላት ነው የሚሰለፈው። ክፍል ውስጥ ጠላቱ ማን ነው? እንዲህ እያደረጉ ትብብር የምትባለዋን ቃል አቆሸሿት። ዛሬ «እንተባበር» ሲባል መምህሩም ወላጁም በመጀመሪያ ኪሱን፣ ቀጥሎ አፉን ይይዛል።

ውጤቱንስ? የ2014 ዓ.ም. የ12ኛ ክፍል ፈተና ጥቅምት 2015 ላይ ተማሪው ዩኒቨርሲቲ ገብቶ፣ በጥበቃ ተከብቦ እንዲፈተን ተደረገ። ከ12 ሺህ በላይ ተማሪዎች ፈተናውን አቋርጠው ወጡ። ከተፈተኑት ግማሽና ከዚያ በላይ ያመጡት 3.3 በመቶ ብቻ ሆኑ። በቀጣዩ ዓመት 3.2፣ በ2016 ዓ.ም. 5.4፣ በ2017 ዓ.ም. 8.4 በመቶ። ኩረጃ መቅረቱ ደግ ነው፤ አልቃወምም። ግን አሥራ ሁለት ዓመት «ወላጅ ይዘህ ና» እያልን ያሳደግነውን ልጅ በመጨረሻ ፖሊስ ይዘንለት መጣን። እውነቱን ለመናገር የወደቀው ልጁ ብቻ አይደለም።

ሁለት እንቅልፋሞች

ወደ ኪራይ የወንድሜ ልጅ ልመለስ። ፊርማዬ እንቅልፍ ነሳኝ። በሦስተኛው ቀን ሊስትሮው ዘንድ ሄጄ ጠየቅሁት። «እሱን? ማታ ማታ ታክሲ ላይ ነው» አለኝ።

እውነትም ማታ ሁለት ሰዓት ላይ ታክሲ ተራ አገኘሁት። ዩኒፎርሙን በጃኬት ሸፍኖ ይጣራል። ረዳት ነው። ከትምህርት ቤት ወጥቶ እስከ ሦስት ሰዓት ተኩል፣ አንዳንዴም እስከ አራት ይሠራል። አምስት ሰዓት ይተኛል። ጠዋት አሥራ ሁለት ሰዓት ይነሳል። የመጀመሪያው ክፍለ ጊዜ ደግሞ ሒሳብ ነው።

እናቱ በአንድ ሕንፃ ላይ የጽዳት ሠራተኛ ናት። አከራዩ ኪራይ ጨመረባቸው። ልጁ «ቤተ መጻሕፍት እያጠናሁ ነው» እያላት ማታ ይሠራና ብሩን «ጓደኛዬ አበደረኝ» እያለ ይሰጣታል። እናቱን ትምህርት ቤት ሊወስዳት ያልቻለው ለዚህ ነው። አንድ ጥያቄ ቢጠየቅ ሁሉም ነገር ይወጣል። እኔም በሦስት ደቂቃ ፊርማዬ የሸፈንኩት ይህንኑ ነው። ልጁን የረዳሁት መስሎኝ መታወቅ የነበረበትን ነገር ቀበርኩለት!

«ለእናትህ ንገራት፤ አለዚያ እኔ እነግራታለሁ» ስለው ተቆጣ። «እኔ የተከራየሁዎት ለአንድ ጠዋት ነው!» አለኝ። እውነቱን ነው። ግን እሑድ ዕለት ራሱ ወደ ቤታቸው ወሰደኝ።

እናትየዋ መጀመሪያ አለቀሰች። ቀጥላ ልጁን ተቆጣችው። በመጨረሻ ወደ እኔ ዞራ «ወንድሜ፣ እኔ ትምህርት ቤት የምጠራው ገንዘብ ሲፈለግ ወይ ልጄ ሲሰደብ ነው» አለችኝ። «በአሥር ዓመት ውስጥ አንድ ቀን ‹ልጅሽ ይኼንን ይችላል› ብሎ የጠራኝ የለም። ቀኑን አስፈቅጄ ስቀር ደግሞ ደመወዜ ይቆረጣል።»

ማክሰኞ ከሥራ መግቢያዋ በፊት አብረን ሄድን። ለዩኒት ሊደሩ ዋሽቼው እንደነበር ነገርኩት። ሰውየው አልደነገጠም። «አውቄ ነበር። በዚያ ሳምንት አምስተኛው አጎት ነህ» አለኝ። «ታዲያ ለምን ዝም አልክ?» ስለው «ብመልስህ ልጁ ውጭ ይቀራል፤ ባስገባህ መዝገቡ ይሞላል። ሦስተኛ መንገድ አላሳዩኝም» አለ። በዚህ አነጋገሩ ልወቅሰው አልቻልኩም።

የሒሳብ መምህሩ ሻይ ክበብ መጣ። እናትየዋ የልጁን የማታ ሥራ ነገረችው። ብዙ ጊዜ ዝም አለ። ከዚያ «እኔም እኮ ከዚህ ወጥቼ ማታ ሌላ ቦታ አስተምራለሁ» አለ። «ጠዋት የምመጣው ዓይኔ እየተጨፈነ ነው። ሁለት እንቅልፋሞች ነን የተጣላነው።»

ከዚያ በኋላ ሃያ ደቂቃ ፈጀብን። ልጁም ተጠየቀ፤ መጀመሪያ እሱ ነው የተጠየቀው። የተስማማነው ይህ ነው። ልጁ ከዓርብ ማታና ከቅዳሜ በቀር አይሠራም፤ እናት ቀሪውን ኪራይ በዕቁቧ ትሸፍናለች። መምህሩ ከኋላ ወንበር አንስቶ ከፊት ያስቀምጠዋል፤ እንቅልፍ ሲይዘው ጠረጴዛውን መታ ያደርግለታል፤ ልጁም ሳይጠይቅ ወጥቶ ፊቱን ታጥቦ ይገባል። ጠመኔ የሚወረውር የለም፤ ከሁለቱም ወገን። ዩኒት ሊደሩ ስምምነቱን ለሌሎቹ መምህራን ይነግራል፣ አንዱ የሠራውን ሌላው እንዳያፈርስ። መምህሩ በየአሥራ አምስት ቀኑ ለእናትየዋ ይደውላል፤ ስልኩም መጀመሪያ ስለ ደግ ነገር ይሁን ተባለ።

ልጁ ክፍሉ ፊት ይቅርታ ጠየቀ። መምህሩም ያልጠበቅሁትን አደረገ። «እኔም መወርወር አልነበረብኝም» አለ። ክፍሉ ጸጥ አለ ብሎ ነገረኝ ልጁ። እንዲያ ያለ ጸጥታ በዱላም አልመጣ።

ሁለት ወር አልፎታል። ልጁ መልአክ አልሆነም። ሁለቴ ተኝቷል፣ አንዴ ፎርፏል። ያንንም መምህሩ የዚያኑ ዕለት ደውሎ ከእናትየዋ ጋር ተነጋግረውበታል። የወረወረው ነገር ግን የለም። ሒሳብ ከሃያ አራት ያመጣ የነበረው ልጅ አሥራ አንድ አምጥቷል። አሥራ አንድ ነው፤ ሃያ አይደለም። እኔ ግን አሥራ አንዷን ከሃያ አላሳንሳትም።

ታዲያ ምን ይሁን?

«ለአንድ ልጅ ሃያ ደቂቃ! ስድሳ ሦስት ተማሪ አለ እኮ!» የሚለኝ አይጠፋም። እሺ፣ ሒሳብ እንሥራ። ስድሳ ሦስቱም ረባሽ አይደሉም። በየዕለቱ ክፍሉን የሚያምሱት አራት ወይ አምስት ናቸው። መምህሩ በእነሱ ጭቅጭቅ ከአንድ ክፍለ ጊዜ አሥር ደቂቃ ቢያጣ፣ በሳምንት አምስት ክፍለ ጊዜ ላይ ሃምሳ ደቂቃ ያጣል። ያ ሃምሳ ደቂቃ የስድሳ ሦስቱም ልጆች ነው። ሃያዋ ደቂቃ ከዚህ ትወደዳለች?

«ልጁን ታሞላቅቃለህ» የሚለኝም ይኖራል። ትብብር ልቅነት አይደለም። ጩቤ ይዞ የሚገባ፣ ሴት ተማሪዎችን የሚተነኩስ፣ ታናናሾቹን የሚደበድብ ልጅ የሚመለከተው ሕግ አለ፤ የተጎዱት ልጆች በመጀመሪያ ይጠበቁ። ግን እሱም ቢሆን ተባርሮ የሚሄድበት ቦታ ከትምህርት ቤቱ አጥር ሥር ነው። ከግቢ ያባረርነው ከሰፈር አልወጣም። ነገ እዚያው በር ላይ ቆሞ የሌሎቹን ልጆች ስልክ ሲቀማ እናገኘዋለን።

ስለዚህ የምጠይቀው ብዙ አይደለም።

ርዕሰ መምህራን ሆይ፣ «ወላጅ ይዘህ ና» የምትለዋን ትእዛዝ ለውጧት። ልጁን ከበር አትመልሱት፤ ክፍል ይግባና ለወላጁ ስልክ ይደወል። ሰዓቱም ወላጅ ከሥራ የማይቀርበት ይሁን። ልጁ ሳይጠየቅ ማንም አይፈርም። የከሰሰው መምህርም እዚያው ይቀመጥ።

መምህራን ሆይ፣ አንድ ክፍል የምታስተምሩ ሁሉ በወር አንዴ ተቀምጣችሁ ስለ ልጆቹ ተነጋገሩ። በሒሳብ የሚተኛው ልጅ በስፖርት ይነቃ ይሆናል፤ በእንግሊዝኛ የሚጮኸው ማንበብ አቅቶት ኃፍረቱን በጩኸት ይሸፍን ይሆናል። ይህን አንዳችሁ ብቻችሁን አታዩትም፤ ስትነጋገሩ ይታያል።

ወላጆች ሆይ፣ ባለቤቱ ካልጮኸ ጎረቤት አይረዳም። ሳትጠሩ ሂዱ። ወተመህ ውስጥ ስለ አጥር ከማውራታችሁ በፊት አጥሩ ውስጥ ስላለው ልጅ ጠይቁ።

የበላዮቻችንም ሆይ፣ በየትምህርት ቤቱ የምክር አገልግሎት አለ ትላላችሁ፤ የስንቱ በር ተቆልፏል? ከ2012 ዓ.ም. ጀምሮ በአዲስ አበባ የመንግሥት ትምህርት ቤቶች ለልጆች ቁርስና ምሳ መቅረቡ መልካም ነው፤ ለሠራ ምስጋና አንነፍግም። የተራበ ልጅ እንደሚረብሽ ከገባችሁ፣ እንቅልፍ ያጣ ልጅና ደመወዙ የማያኖረው መምህርም እንደሚጣሉ ሊገባችሁ ይገባል። ርዕሰ መምህር በሙያው ይሾም፣ በታማኝነቱ አይሾም። ለመምህሩ የምትጠሩትን ስብሰባ ቀንሳችሁ ያንን ሰዓት ለልጆቹ ስጡለት። ስለ ትብብር ስታወሩ ደግሞ ሠራዊት አትጥሩልን። አንዲት እናት፣ አንድ መምህር፣ አንድ ልጅና ሃያ ደቂቃ ይበቃናል።

ባለፈው ሳምንት እዚያው በር ላይ ጫማዬን ሳስጠርግ ሊስትሮው «ጋሼ፣ ዛሬስ የማን አጎት ነዎት?» አለኝ።

«የዚያው ልጅ» አልኩት።

«ኮንትራቱ አላለቀም?»

አላለቀም። እናትየዋ ለጥምቀት ጠርታኝ ነበር። ልጁም አሁን «ጋሼ» አይለኝም፤ «አጎቴ» ይለኛል። ኪራዩም ቀርቷል።

ቸር ይግጠመን!